ታስሮ ይድረስ

ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁንም የከተማችን ሴቶች ወፍጮ ቤት ባገኙኝ ቁጥር "አዲስ አበባ እንዴት ናት?" ይሉኛል። ፎቁን፣ መብራቱን፣ አደባባዩን እንድነግራቸው ነው የሚፈልጉት። እኔ ግን ያየሁት የአንድ ገበሬ ግቢ፣ አንድ የከብት በረትና አንድ የሆስፒታል በር ነው። ፎቁንም አይቼዋለሁ፤ ከአውቶቡስ መስኮት፣ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ጊቤን ተሻግሮ የማያውቅ ያንብበው።

ለማያውቀኝ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ስሜ ዘነበች ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ግንበኛ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ድክ ድክ የምል ስለነበርኩ ያሳደገኝ እሱ ነው። በከተማችን የቆመው የድንጋይ ግንብ ሁሉ የእሱ እጅ አለበት፤ የቀበሌው አዳራሽም ጭምር። ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ክፍል የእህል መጋዘን ይሆናል ብለውት ነበር የሠራው። በኋላ በእህል ፋንታ ማን እንደታጎረበት ከተማው ያውቃል።

የጋሼ በሽታ የጀመረው ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ በማዳመጥ ነው። "ውስጡ ሰው አለ፤ አየር አጥሮታል" ይላል። የራሳችንን ቤት ግድግዳ ሸነቆረ፤ ዝም አልን። ጠበል ወሰድነው፤ አልተሻለውም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ዲጂኖውን ይዞ ሄዶ የአዳራሹን የጀርባ ግድግዳ መናድ ጀመረ። "ውስጡ ሰው አለ!" እያለ ሲጮህ ገበያው ሁሉ ሰማው። የተናገረው ነገር ተራ እብደት ቢሆን ኖሮ ማንም ያን ያህል አይቆጣም ነበር።

ፍርድ ሸንጎው ወይ ሆስፒታል ይግባ ወይ የአውራጃው ወህኒ ቤት ይግባ አለ። ጤና ጥበቃ ደግሞ እንዴት እንደሚሄድ ጻፈ፦ "በሽተኛው ታስሮ፣ በአንድ የቤተሰብ አባልና በአንድ የታጠቀ ጥበቃ ታጅቦ፣ እስከ ሆስፒታሉ በር ይድረስ። በመንገድ ቢያመልጥ አጃቢው ተጠያቂ ነው።" ሆስፒታሉ ካልተቀበለው ከዚያው ወደ ወህኒ ነው የሚመለሰው። እናታችን ከቤት ስንወጣ አንገቴን ይዛ "ልጄ እንደ ሌባ በገመድ ተጎትቶ እንዳይገባ። አደራ በምድር አደራ በሰማይ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ዓርብ

አጃቢያችን ጓድ በላይ የሚባል የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ጥበቃ እስረኛ አምልጦት በእስረኛው ቦታ ራሱ ገብቷል። ስለዚህ የጋሼን ሁለት እጅ በቃጫ ገመድ አሰረና የገመዱን ሌላ ጫፍ ከራሱ ግራ እጅ ጋር ቋጠረው። ቀኙ ላይ ጠመንጃ አለ። "ይቅርታ ጋሽ ታደሰ" ይላል፣ እያጠበቀ።

አውቶቡሱ አልጫነንም። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ "እብድ አትጫን የሚል ደንብ አለን" አለ። ጓድ በላይ ወረቀቱን አውጥቶ "እስከ ሆስፒታሉ በር ይድረስ የሚል ደንብ እኔም ይዣለሁ" አለ። አንዱ ደንብ አትጫን፣ ሌላው ደንብ አድርስ እያለ ሲከራከሩ አውቶቡሱ ሄደ። እኛ ቆሎ እየቆረጠምን ፀሐይ ላይ ቀረን።

ከቀትር በኋላ ከጅማ ቡና ጭኖ የመጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቆመልን። ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አየንና "ከሦስታችሁ እብዱ የትኛው ነው?" አለ። ጋሼ ሳቀ። ጓድ በላይ አልሳቀም። ሾፌሩ "በሉ ውጡ፣ ቡና ላይ ተቀምጦ ያበደ የለም" ብሎ ጆንያው ላይ አስቀመጠን።

ቁልቁለቱን ወደ ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ እኛ አገር ሙቀት አይደለም፤ እኛ ዘንድ ቢሞቅም ነፋስ አለ። ድልድዩ ላይ ኬላ ነው። ሁሉም ይወርዳል፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ። ፈታሹ ወረቀቱን አነበበና የጋሼን እጅ ያዘ። "ላልቷል" አለና ገመዱን በራሱ እጅ እንደገና አጠበቀው። ጋሼ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ "ዘኑ፣ አንቺ ወንዙን እይ" አለኝ። ወንዙን አየሁ፣ አንድም ነገር ግን አልታየኝም።

ወሊሶ ስንደርስ መሽቷል። ሁለት አልጋ ቤት ገመዱን እያየ መለሰን። ሦስተኛዋ ወፈር ያለች ሴትዮ ናት፤ "ሰው ነው አይደል?" ብላ አስገባችን። ዓርብ ስለሆነ ቆጮ በጎመን አቀረበችልን። እኛ አገር ቆጮ እንግዳ ነገር ነው፤ ለእኔ የጎማ ጫማ የማኘክ ያህል ከበደኝ። ጋሼ ግን ጥርግ አድርጎ በላ፤ እጁ ስለታሰረ እኔ አጎረስኩት። ሴትዮዋ ስታይ ቆይታ ቫዝሊን አመጣችና የእጁን አንጓ ከገመዱ ስር ቀባችለት። ለጓድ በላይም የራሱን እጅ ቀባችው፤ ለካ የእሱም ተላልጦ ነበር።

ቅዳሜ

በማግስቱ ያው ኤንትሬ ወሰደን። ዓለም ገና ኬላ ተፈተሽን። ሾፌሩ ሆስፒታሉ አዲስ በሽተኛ የሚቀበለው ሰኞ መሆኑን ነግሮን አየር ጤና ላይ አወረደን። ጓድ በላይ በላፍቶ ያገባች አክስት አለችው፤ እትዬ አስካለ ትባላለች። ሰኞ እስኪደርስ እሷ ጋ እንደር አለ። "ቅርብ ነው" አለ። ቅርብ አልነበረም።

አዲስ አበባ ብላችሁ የምታስቡትን እርሱት። ከአየር ጤና በጀሞ በኩል ወደ ላፍቶ የሄድንበት መንገድ ጤፍና ሽምብራ ነው፤ የተሰማራ ከብት፣ የአህያ መንገድ፣ እዚህም እዚያም ሣር ክዳን ቤት። "ዋና ከተማው የታለ?" ብዬ ጓድ በላይን ጠየቅኩት። እሱም የመጣው ልጅ ሆኖ አንዴ ነው፤ በእጁ ወደ ሰሜን ጠቆመኝ። የእኛ አፈር ቀይ ነው፣ ሲያቆሽሽም ይራገፋል። የጀሞው ጥቁር አፈር ግን ዝናቡ ካቆመ ሰንብቶም እግር ይይዛል። ወንዙን ስንሻገር ጫማዬን ዋጠው፤ ጎትቼ ሳወጣው ሶሉ እዚያው ቀረ። ጋሼ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ ሁለተኛውንም ጫማ ጭቃው ቢወስደው ደስ ባለኝ።

እትዬ አስካለ ጓድ በላይን ስታይ "የእህቴ ልጅ!" ብላ አገላብጣ ሳመችው። ገመዱን ስታይ ደነገጠች፤ ቶሎ ብላ ጓዳ ገባች። ጩኮ ሰጠችን፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት ነው፣ ከእኛ በሶ ጋር ሲነጻጸር የሠርግ ምግብ በሉት። ከዚያ ማሽላ ልታስፈጭ ወጣች። እኔ ጓሮ ሄጄ እግሬን መታጠብ ጀመርኩ። ሁለቱ ወንዶች ደጃፉ መደብ ላይ እንደተቋጠሩ ቀሩ።

የሆነው የሆነው በዚህ መሃል ነው። ባለቤቷ ኦቦ ገመዳ በሬዎቻቸውን እየነዱ ከእርሻ ገቡ። ጓድ በላይን አይተውት አያውቁም። እጅ ለእጅ የተሳሰሩ ሁለት እንግዶች ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩ አንድ ነገር ብቻ ነው የታያቸው፦ ቁራኛ። ድሮ የተጣሉ ሰዎች እንዳይጠፋፉ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ሽማግሌ ፈልገው የመጡ ባላጋራዎች መሰሏቸው። በሬዎቹን በረት አስገብተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ሁለት ጎረቤት ሽማግሎች ጠርተው ተመለሱ።

እግሬን አድርቄ ስወጣ ችሎቱ ተሰይሟል። ሦስት ሽማግሌ ከጥዱ ስር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጓድ በላይ ከነጠመንጃው ቆሟል፤ ሽማግሌ ሲናገር አፍ መክፈት አልሆነለትም፣ እንዲያ ነው ያደገው።

"ከሳሹ ማነው?" አሉ ኦቦ ገመዳ።

ጋሼ ቀደመ። "እኔ ነኝ።"

"ምን በደለህ?"

"እጄን ወሰደብኝ። ግንበኛ ነኝ፤ በምን ልሥራ?"

ሽማግሎቹ ተያዩ። ኦቦ ገመዳ ወደ ጓድ በላይ ዞሩ። "አንተስ፣ ልጄ? እውነት ነው?"

"አባቴ፣ እሱ ታሟል" አለ ጓድ በላይ፣ ላብ አጥምቆት። "ሆስፒታል ላደርሰው ነው። ታስሮ ይድረስ ነው የተባልኩት።"

እዚህ ላይ ማንም ሰው ስህተቱን ዐውቆ ይነሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔም ጠብቄ ነበር። ኦቦ ገመዳ ግን አገጫቸውን ሲያሻሹ ቆዩና "በምን ታስሮ?" አሉ።

ጓድ በላይ ወረቀቱን አወጣ። ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውንም አየ። "በምን... አይልም።"

"ገመድ ይላል?"

"አይልም።"

"እሱ ታዲያ የአንተ ፈጠራ ነው እንጂ የሕጉ አይደለም" አሉ ሌላው ሽማግሌ።

ኦቦ ገመዳ ከሁለቱ ጋር በኦሮምኛ ተመካከሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ። "በልጅነታችን ባላጋራዎች ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። አገር አቋርጠው ይሄዳሉ። ቋጠሮውን የፈታ በደለኛ ስለሆነ ማንም አይፈታም። ይህ ሰው ዋስ አለው?"

"አለው" አልኩ። ድምፄ እንደዚያ ይጮሃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። "እህቱ ነኝ።"

"ካመለጠ እኔ ነኝ የምገባው!" አለ ጓድ በላይ፤ ድምፁ የለቅሶ ያህል ነው። "ልጆች አሉኝ፣ አባቴ።"

"የእሷ ዋስ ደግሞ እኔ ነኝ። ካመለጠ በሬዎቼን ነድተህ ሂድ" አሉት ኦቦ ገመዳ።

ጓድ በላይ ዞሮ በረት ውስጥ ያሉትን በሬዎች አየ። ከዚያ ተንበርክኮ ገመዱን ፈታ። ኦቦ ገመዳ የጋሼን ጋቢ ጫፍና የእኔን ነጠላ ጫፍ ይዘው፣ በሬ ጠምደው በኖሩበት እጃቸው አጥብቀው ቋጠሩ። ጓድ በላይ ቋጠሮውን ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጎ አየው። ጋሼ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

እትዬ አስካለ ከወፍጮ ስትመለስ ሁሉንም ሰማችና ባሏን "አንተ ሰውዬ፣ በሽተኛና ጠባቂ ነው ያስታረቅከው?" አለችው። ኦቦ ገመዳ አፍረው መሬት መሬት አዩ። "አንዴ ተፈርዷል" አሉ።

እሑድ

ከመካኒሳ አቦ የቅዳሴ ደወል ይሰማ ነበር። እትዬ አስካለ ሄዳ ተሳልማ መጣች። እኛ ጠዋት እርጎ ጠጣን፤ የእኛ እርጎ ጭስ ጭስ ይላል፣ የላፍቶው የወይራ እጣን ሽታ አለው፤ እውነት ለመናገር ይበልጣል። አገሬ ይቅር ይበለኝ።

ከበረቱ የድንጋይ ካብ አንዱን ጎን ክረምቱ ንዶት ነበር። ጋሼ ሲያየው ቆይቶ "ይህን ማን ነው የካበው?" አለ። ኦቦ ገመዳ "እኔ" አሉ። "ያስታውቃል" አላቸው። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

ከዚያ ሲሠራ ዋለ። ድንጋይ ለመምረጥ ሲሄድ አብሬው እሄዳለሁ፣ ሲያጎነብስ አጎነብሳለሁ። ነጠላዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ድንጋዩን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ፊቱን ይፈልግለታል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛ አይነካውም። ልጅ ሆኜ ምሳውን ሳደርስለት ቁጭ ብዬ የማየው ጋሼ ይኸው ነበር። ይህ ሰው ታሟል ወይ? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ምናለ ከዚሁ ይዤው ብመለስ? ብዬም አሰብኩ። ሥራውን ሲጨርስ ግን ጆሮውን ካቡ ላይ ለጠፈና ዐይኑን ጨፈነ። "እዚህ ማንም የለም" አለ፣ በእፎይታ። እዚያው በረቱ ጥግ ላይ ዞሬ አለቀስኩ።

ጓድ በላይ እስከ ቀትር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያየን ቆየ። ከቀትር በኋላ ተነስቶ ድንጋይ ማቀበል ጀመረ።

ሰኞ

ኦቦ ገመዳ እስከ መካኒሳ በእግር ሸኙን። የአረቄ ፋብሪካው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ የእኛ ቤት ጥንስስ ሺህ ጊዜ ተባዝቶ አስቡት። ሲሰናበቱን የጋሼን ትከሻ ይዘው "ካቡ ከእኔ ዕድሜ ይረዝማል" አሉት።

የከተማው አውቶቡስ ላይ ሰው እንደ ጆንያ ተደራርቧል። ቋጠሮውን ያየ ሁሉ ይስቃል። አንድ ቀልደኛ "ምነው ተቋጠራችሁ፣ ሠርግ ነው?" አለ። ጋሼ ኮስተር ብሎ "እንዳትጠፋብኝ ነው" አለው። ትንሽ ሆኜ ገበያ ሲወስደኝ የቀሚሴን ጫፍ በጣቱ ጠምዝዞ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ያን ያስታውስ አያስታውስ አላውቅም። አንዲት እናት ተነስታ አስቀመጠችን። ፎቆቹን ያየሁት ያኔ ነው።

ሆስፒታሉ ረጅም የድንጋይ አጥር አለው። በሩ ላይ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ተኮልኩሏል፤ በጠፍር የታሰረ፣ በሰንሰለት የታሰረ፣ ቃሬዛ ላይ የታሰረ። እኛ ወረፋ ይዘን ስንቆም ጋሼ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ጆሮውን አጥሩ ላይ ለጠፈ። ብዙ ቆየ።

"ዘኑ፣ እዚህ ብዙ ሰው አለ" አለኝ።

እውነቱን ነበር።

ተራችን ሲደርስ በረኛው ወረቀቱን አንብቦ ሦስታችንን አየ። "ታስሮ ይላል። የታለ የታሰረው?"

እኔ ቋጠሮውን አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ። "ይህ ማሰር ነው? እንዲህ የመጣ አንቀበልም።"

ካልተቀበሉት ወህኒ ነው፤ ይቀበሉት ካልኩ ደግሞ በገመድ ነው። ጓድ በላይ ወገቡ ላይ የጠቀለለውን ገመድ በእጁ ያዘ። የሚፈታው መሰለኝ። እሱ ግን እጁን መልሶ አነሳ።

"ታስሯል። ከላፍቶ ድረስ እንዲህ ታስሮ ነው የመጣው" አለ። "አጃቢው እኔ ነኝ። እፈርማለሁ።"

በረኛው ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ተጣራ። ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ መጣች፤ ፊቷ ደክሟል፣ ድምፅዋ ግን ለስላሳ ነው። የተቋጠርነውን ሁለታችንን አፈራርቃ አየች። እኔ ጭቃ የነካው ነጠላ ለብሼ፣ ሶል የሌለው ጫማ በገመድ አስሬ፣ ዐይኔ አብጦ ነበር። ጋሼ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"በሽተኛው ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አለ ጋሼ። "እሷን ፍቷት።"

ነርሷ ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች፤ እምቢ አላት። መቀስ ላምጣ ስትል ጋሼ "ጋቢው የእናቴ ፈትል ነው፣ አይቆረጥም" አለ። ጋቢውን ከትከሻው አወለቀና እኔ ትከሻ ላይ ደረበው። ከዚያ በሸሚዙ ብቻ ገባ። አልዞረም። እኔም አልጠራሁትም።

መመለሻ

ስለመመለሻው ብዙ የምለው የለም። ላፍቶ ላይ አንድ ሌሊት አደርን። ጓድ በላይ ገመዱን ለኦቦ ገመዳ ጥጃ ተወላቸው። ጊቤ ኬላ ላይ ያው ፈታሽ ነበር፤ አላስታወሰንም።

ሐኪሞቹ ሲሻለው ቤተሰቡ ከቀበሌ ወረቀት ይዞ መጥቶ ይውሰደው ብለውኛል። ክረምቱ ሲያልፍ ቀበሌ ሄጄ ጠየቅኩ። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ቢያገላብጥ በሽተኛ ታስሮ ስለሚሄድበት ደንብ አለ፤ ተፈትቶ ስለሚመጣበት የተጻፈ የለም። አውራጃ ጠይቂ አለኝ። አውራጃው ጤና ጥበቃን ጠይቂ አለኝ። ጤና ጥበቃ ቀበሌሽን ጠይቂ አለኝ። እየጠየቅኩ ነው።

የተመለስኩ ቀን እናታችን በር ላይ ነበር የጠበቀችኝ። "ደህና ገባሽ?" እንኳ አላለችኝም። "በምን ታስሮ ገባ?" አለች።

ጋቢውንና ነጠላዬን እንደተቋጠሩ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ዐይኗ ደክሟል፤ በጣቷ እየዳበሰች መጀመሪያ የራሷን ፈትል፣ ቀጥሎ ቋጠሮውን፣ ከዚያ የእኔን ነጠላ ጥበብ ለየች። ገባት።

"ልፍታው?" አልኳት።

"ተይው። ሲመጣ ራሱ ይፈታዋል።"

ሁለቱም ሳጥን ውስጥ ናቸው። እናቴ አልፎ አልፎ ሳጥኑን ትከፍትና ቋጠሮውን ትዳብሳለች፤ እንዳይላላ።